የቲቸር አርባ

ጥቅምት 22፣ ምሽት፣ ደብረ ብርሃን። የእድሩ ድንኳን ከቀትር በኋላ ግቢው ውስጥ ተተክሏል፤ አግዳሚዎቹ ግን ገና እንደተደራረቡ ናቸው። በጓሮ በኩል ትልልቅ ድስቶች በእንጨት እሳት ላይ ተጥደዋል። ሴቶቹ ሽንኩርት እየላጡ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወራሉ። ክረምቱ ወጥቶ የጥቅምት ብርድ ገብቷል፤ ጋቢ ደርቦ የተቀመጠ ሰው እንኳ እጁን ብብቱ ውስጥ ይከታል።

ሳሎን ውስጥ አንድ ሽማግሌ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ከአንድ ባለ መስመር ደብተር ጋር ተፋጠዋል። የሟች ባለቤት ናቸው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የሂሳብ ሠራተኛ ነበሩ። ሚስታቸው በዚሁ ከተማና በዙሪያው ባሉ የገጠር ትምህርት ቤቶች፣ አብዛኛውን ዘመናቸውን አንደኛ ክፍል ሲያስተምሩ ኖረው መስከረም 14 ቀን አረፉ። የዘንድሮ መስቀል ለዚህ ቤት ደመራ የሌለበት መስቀል ነበር። ነገ አርባቸው ነው።

ከደብተሩ አጠገብ በኮምፒውተር የተተየበ አንድ ገጽ ወረቀት አለ። በቀብሩ ዕለት፣ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ አስከሬኑ ፊት የተነበበው የሕይወት ታሪክ ነው። «ከአባታቸው ከአቶ» እና «ከእናታቸው ከወይዘሮ» ብሎ ይጀምራል። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ የት እንደተማሩ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት ሥራ እንደያዙ፣ ስንት ልጅ እንደወለዱ ይዘረዝራል። «ደግ፣ ሩኅሩኅ፣ ሃይማኖተኛና እንግዳ ተቀባይ ነበሩ» ይላል። «ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው» ይልና ያበቃል። የጻፈው የእህታቸው ልጅ ነው፤ በዚያች ሌሊት ለመጻፍ ልብ የነበረው እሱ ብቻ ነበር። ንባቡ አምስት ደቂቃ አልፈጀም።

ሽማግሌው ወረቀቱን በጣታቸው ገፋ አደረጉት። «ልጁን አልቀየምኩትም» አሉኝ። «ቸኩሎ ነው። ግን ስሟን በእጅህ ሸፍነህ አንብበው። የማን እንደሆነ ታውቃለህ? የኔ ሚስት ናት ትላለህ?»

«ስሟን በእጅህ ሸፍነህ አንብበው። የማን እንደሆነ ታውቃለህ?»

ከአልቃሽ ወደ ጽሕፈት ቤት

ለቀብር ወጥቶ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ያንን ገጽ ያውቀዋል። ፀሐይ ላይ ቆመን፣ ነጠላችንን አዘቅዝቀን እናዳምጠዋለን። አንባቢው ዕንባ ሲተናነቀው አብረን እናለቅሳለን። ወደ ቤት ስንመለስ ግን ከገጹ ውስጥ አንዲት ዐረፍተ ነገር የሚያስታውስ ከመካከላችን አይገኝም።

ከከተማው የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤቶች በአንዱ የሚሠራ ወጣት ምክንያቱን ኮምፒውተሩን ከፍቶ አሳየኝ። ሁለት ፋይሎች አሉት፤ አንዱ «የሕይወት ታሪክ ወንድ»፣ ሌላው «የሕይወት ታሪክ ሴት» ይላል። «ሌሊት ወይም ማለዳ ይመጣሉ» አለ። «ዓይናቸው አብጧል፤ ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ስም፣ የትውልድ ቦታና የልጆች ቁጥር ይነግሩኛል። ሌላው እዚሁ አለ። ምን ብዬ ልጠይቃቸው? ያሳዝኑኛል።» ወጣቱ ጥፋተኛ አይደለም። ሐዘንተኛው ያለው ጊዜ ጥቂት ነው፤ እሱም ያለውን ያቀብለዋል።

ድሮ ይህን ሥራ የሚሠራው ወረቀት አልነበረም። አልቃሽ ነበረች። ሙሾ የምታወርድ ሴት ለቅሶው ቦታ ስትደርስ አስቀድማ ዘመድ ጎረቤቱን ትጠይቃለች፤ ሟቹ ምን ሠራ፣ ማንን አበላ፣ ከማን ተጣልቶ ከማን ታረቀ፣ የወንዙ ሙላት ጊዜ ማንን አሻገረ። የሰማችውን በግጥም ታወርደዋለች፤ ለቀስተኛውም ተቀብሎ ያስተጋባዋል። ፊት መንጨቱንና ደረት መድቃቱን ቤተ ክርስቲያን ስትከለክል ኖራለች፤ ትክክልም ናት። ሙሾው ግን የሟቹን ሥራ የሚናገር ነበር። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1910 ዓ.ም. የልቅሶ ግጥምን በመጽሐፍ ያሳተሙት ዋጋ እንዳለው ስላወቁ ነው። በ1915 ዓ.ም. ደግሞ «የሕይወት ታሪክ» የሚል መጽሐፍ አወጡ፤ የታወቁ ሰዎችን ታሪክ በአጭር በአጭሩ የሚናገር፣ በኋላ ዘመን ለሚነሡ ልጆች ማስታወቂያ እንዲሆን የተጻፈ ነው። ዛሬ በየመቃብሩ የምናነበው ገጽ ስሙን ከዚህ ጋር ይጋራል፤ የሚያስታውቀው ነገር ግን እየተሟጠጠ ሄዷል።

ከዚያም ወደኋላ እንሂድ። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአፄ ሱስንዮስ ጊዜ ሃይማኖቷን አልለውጥም ብላ የተንከራተተችው፣ በጣና ዙሪያ ማኅበር ያቋቋመችው ወለተ ጴጥሮስ ካረፈች ከ30 ዓመት ገደማ በኋላ ገላውዴዎስ የተባለ መነኩሴ ገድሏን ጻፈ። የሚያውቋት የነገሩትን ሰብስቦ ነው የጻፈው። ስለዚህ በገድሉ ውስጥ የምትቆጣ፣ የምትታመም፣ ከባልንጀሮቿ ጋር የምትመክር ሴት እናገኛለን። ደግነትን በቅጽል ብቻ ሳይሆን በተሠራ ሥራ መናገር ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። የነበረንን ነው የተውነው።

ለምን አርባ?

አርባ እንደሚወጣ ሁላችንም እናውቃለን፤ ለምን አርባ እንደሆነ የሚነግረን ግን ጥቂት ነው። የቀኑን ቅዳሴ የሚያዘጋጁ አንድ ቄስ በትዕግሥት አስረዱኝ። ሟች የሚታሰበው በሦስተኛው፣ በሰባተኛው፣ በአሥራ ሁለተኛው፣ በሠላሳኛው፣ በአርባኛውና በሰማንያኛው ቀን፣ ከዚያም በመንፈቁና በሙት ዓመቱ ነው። ሣልስቱ ከጌታ ትንሣኤ ጋር ይያያዛል። ሠላሳው እስራኤል ሙሴን ያለቀሱበትን ያስታውሳል። አርባው ጌታ ከሙታን ተለይቶ ከተነሣ በኋላ ያረገበት ቀን ነው። «አርባና ሰማንያ በልደትም አሉ» አሉ ቄሱ፤ «ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ትነሣለች። አዳም በ40 ቀኑ፣ ሔዋን በ80 ቀኗ ገነት ገቡ የሚለው ከመጽሐፈ ኩፋሌ ነው።»

ቃሉንም ፈቱልኝ። ተዝካር «ዘከረ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው፤ አሰበ፣ አስታወሰ ማለት ነው። ስለዚህ ተዝካር መታሰቢያ እንጂ ድግስ ማለት አይደለም። ድግሱ ነዳያን በልተው ነፍስ ይማር እንዲሉ የመጣ ነው።

ስለ ድግሱ ክርክሩ የቆየ ነው። በድሮ ዘመን ለተዝካር በሬውን የሸጠ፣ መሬቱን በወለድ አግድ ያስያዘ ብዙ ነው። የእድሩ ጸሐፊ ዛሬም ተበድሮ የሚደግስ እንዳለ ነገሩኝ፤ «ለሟች አይደለም፣ ለጎረቤት ዓይን ነው» አሉ። የዚህ ቤት አባወራ ልጆቻቸውን ሰብስበው ነገሩን ቆርጠውታል። በግ አይታረድም። እንጀራ፣ ምስር፣ ሽሮና ዳቦ ለነዳያን ይቀርባል፤ ከእነሱ በኋላ ለመጣው ሁሉ። የተረፈው ብር ሚስታቸው ደብተር ይገዙላቸው ለነበሩት ልጆች ደብተር ይገዛበታል። ውሳኔው ያላስደሰታቸው ዘመዶች አሉ። እኔ ግን በጎ ውሳኔ ነው እላለሁ።

ደረሰኝ የሚያሻው ቃል

ወደ ደብተሩ እንመለስ። ሽማግሌው ከሣልስቱ ማግስት ጀምሮ አንድ ነገር ያደርጋሉ። ሊያጽናናቸው የመጣውን ሁሉ ያስቀምጡና፣ «ደግ ነበሩ» ሲላቸው፣ «ምን አደረገችልህ?» ብለው ይጠይቁታል። የነገራቸውን በእጅ ጽሑፋቸው ይመዘግቡታል፤ ከግራ ቀን፣ ከቀኝ የተናጋሪው ስም።

«ዕድሜዬን ሙሉ ሰነድ ስመረምር ኖሬአለሁ» አሉኝ። «ደረሰኝ የሌለው ወጪ አላጸድቅም ነበር። ‹ደግ› የሚለውን ቃል ለሚስቴ ከጻፍኩ ደረሰኙን ማያያዝ አለብኝ። ያለበለዚያ እሰርዘዋለሁ።»

«‹ደግ› የሚለውን ቃል ከጻፍኩ ደረሰኙን ማያያዝ አለብኝ።»

ደብተሩን እንዳነብ ፈቀዱልኝ።

አንድ የጭነት መኪና ሾፌር የተናገረው መጀመሪያ ላይ ነው። አንደኛ ክፍል ሳለ ቁርስ ሳይበላ የሚመጣበት ቀን ይበዛ ነበር። ቲቸር ለምን እንደደከመው ጠይቀውት አያውቁም። «ሂድ፣ ከመሳቢያው ጠመኔ አምጣልኝ» ይሉታል። መሳቢያው ውስጥ ከጠመኔው አጠገብ በጨርቅ የተቋጠረ ቆሎ አለ። አንድ እፍኝ ወደ ኪሱ ይከትና ጠመኔውን ይዞ ይመለሳል። ዓመቱን ሙሉ እሱ ብቻ የሚያውቀው ምስጢር ይመስለው ነበር። ለለቅሶ መጥቶ ድንኳኑ ውስጥ ሲያወራ፣ «እኔንም ጠመኔ ያስመጡኝ ነበር» የሚሉ ሦስት ጎልማሶች አጠገቡ ተቀምጠው አገኘ።

አንድ የእህል ነጋዴ ሙስሊም ነው። የከሰዓት ፈረቃ ተማሪ ነበር፤ ዐርብ ዐርብ ለጁምዓ ሲል የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ያመልጠዋል። ከአስተማሪዎቹ አንዳንዱ ከበር ይመልሰው ነበር። ቲቸር ግን ያመለጠውን ትምህርት በራሳቸው እጅ ገልብጠው፣ ሲመጣ ደብተሩ ላይ አስቀምጠው ይጠብቁታል። በቀብሩ ዕለት ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ቆሞ እንደነበር፣ ነገም አንድ ኩንታል ስንዴ እንደሚያመጣ ደብተሩ ይናገራል።

አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በልጅነቷ ለሥራ ነበር ወደዚህ ቤት የመጣችው። እራት ከተነሣ በኋላ የተስፋ ገብረ ሥላሴ የፊደል ገበታ ጠረጴዛው ላይ ይዘረጋል። ሠላሳ ሦስቱን ፊደል ከነሰባት ቤታቸው፣ 231ዱንም ስትጨርስ ቲቸር ለማታ ትምህርት አስመዘገቧት። «ዕቃው ነገ ይታጠባል» ይሏት ነበር። አብዛኛውን ጊዜ ያጠቡት ራሳቸው ናቸው።

የጎረቤት አሮጊት ታሪክ ከሁሉም ይርቃል። ሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ቲቸር ሥራ ከያዙ ብዙ ያልቆዩ ወጣት ነበሩ። ያ ዘመቻ በ15 የሀገሪቱ ቋንቋዎች እንደተካሄደ፣ ዓለም አቀፍ ሽልማትም እንዳስገኘ ብዙዎቻችን ሰምተናል። አሮጊቷ የሚያስታውሱት ግን ኩራዙን ነው። ጣታቸው እርሳስ አልጨብጥ ብሎ ሲያስቸግራቸው ቲቸር ከኋላ ቆመው እጃቸውን በእጃቸው ይዘው ይጽፉ ነበር። «ከዚያ ወዲህ በአሻራ ፈርሜ አላውቅም» ብለዋል። ሴት ልጃቸው ወደ ቤሩት ስትሄድ ግን ደብዳቤዋን ለማንበብ ዓይናቸው ደክሞ ነበር። የሚያነቡላቸው ቲቸር ነበሩ። በደብዳቤው ውስጥ ምን ያህል መከራ እንደነበረ ጎረቤቱ ሁሉ እስከ ዛሬ አያውቅም።

አንድ ገጽ ላይ ደግሞ ለየት ያለ ነገር አለ። አንድ ተማሪ ቲቸር አንድ ቀን እንደመቱት ተናግሯል። በዚያን ዘመን ልምጭ የሌለው ክፍል አልነበረም፤ ይህ ግን የጥፋቱ ባለቤት እሱ ያልሆነበት ዱላ ነበር። በማግሥቱ ማለዳ፣ ገና ከኪዳን ጸሎት እንደወጡ፣ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ቤቱ መጡ። እናቱ ፊት፣ የሰባት ዓመቱን ልጅ፣ «ይቅር በለኝ» አሉት። ከዚያ ወዲህ ልምጭ አልያዙም። ሽማግሌው ይህን ሳይለዝብ፣ ሳይሸፈን ነው የጻፉት። «እሱን ብተወው ሌላውን ማን ያምነኛል?» አሉ።

የራሳቸውንም ጽፈዋል። በሚስታቸው ደመወዝ ስንት ጊዜ እንደተጣሉ፣ የወር አስቤዛ ሳይሟላ ለማያውቁት ልጅ ጫማ ተገዝቶ ሲያገኙ እንዴት እንደተቆጡ። ሚስታቸው ለቅዳሴ ብርድ የሚለብሱትን ካፖርት አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ትከሻ ላይ እንዳዩትም አለ።

ሰም የተንጠባጠበበት ዳዊት

«ሃይማኖተኛ» ለሚለው ቃል የተመደበው ገጽ ላይ የተጻፈው ጥቂት ነው። እዚህ ላይ የሚመሰክሩት ሽማግሌው ብቻ ናቸው፤ የሌሊቱን ያዩት እሳቸው ናቸውና።

ሚስታቸው ክፍል ውስጥ ስለ ሃይማኖት ተናግረው አያውቁም። በደርግ ጊዜ የመንግሥት ሠራተኛ ሃይማኖቱን ገሃድ ማውጣት ይከብደው ነበር፤ ማዕተባቸውን ግን አልበጠሱም፣ የሸሚዛቸውን ኮሌታ ቆልፈው ከሥሩ ያደርጉት ነበር። ዘመን ሲለወጥና ብዙ ሰው አንገቱን ገልጦ ሲታይ እሳቸው ኮሌታቸውን እንደ ቆለፉ ቀሩ። ዐቢይ ጾምን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እየጾሙ የከሰዓቱን ፈረቃ ቆመው ያስተምሩ ነበር። በየወሩ በ21 የማርያም ጽዋ ማኅበርተኛ ነበሩ።

«እኔ እንደሷ ጸሎተኛ አይደለሁም» አሉ ሽማግሌው። «ሌሊት አሥር ሰዓት ትነሣለች። የዕለቱን ዳዊትና የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ታደርሳለች። መብራት አታበራም፤ እንዳትቀሰቅሰኝ በጧፍ ነው የምታነበው። አንድም ቀን ‹ተነሥተህ ጸልይ› ብላኝ አታውቅም።» ዳዊቱን ከትራሳቸው ሥር አውጥተው አሳዩኝ። የገጾቹ ጠርዝ በሙሉ ሰም ተንጠባጥቦበታል። ከመብራቱ ማብሪያ አንድ ክንድ እንኳ በማይርቅ ወንበር ላይ፣ ከአርባ ዓመት በላይ፣ በጧፍ ብርሃን።

ይህን ሲናገሩ አላለቀሱም። መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱና ለደብተሩ፣ «‹ሃይማኖተኛ› ለሚለው ደረሰኙ ይሄ ነው» አሉት።

«ማን ልበል?»

ጥቅምት 23፣ ንጋት። በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ብርሃን ታይቶበታል ከሚባለው፣ ከተማዋም ስሟን ካገኘችበት ሥፍራ ላይ ያለው የሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ሣሩ ውርጭ ይዟል። ቤተሰቡ ጧፍ፣ ዕጣን፣ ዘቢብና ለመገበሪያ የሚሆን ስንዴ ዱቄት ይዞ መጥቷል። ቄሱ ጸሎተ ፍትሐቱን ከመጀመራቸው በፊት ዘወር ብለው፣ «ማን ልበል?» አሉ።

የጠየቁት የክርስትና ስም ነው። ቤተ ክርስቲያን ሰውን የምታውቀው ሲጠመቅ በተሰጠው ስም እንጂ በመታወቂያው አይደለም፤ ለሴት ወለተ ወይም አመተ፣ ለወንድ ገብረ ወይም ኃይለ እየተባለ ከቅዱሳን ስም ጋር የሚሰጠው ማለት ነው። ለቁርባን፣ ለተክሊል፣ ለጸሎትና ለፍትሐት የሚጠራው እሱ ነው። እዚያ የቆሙት ተማሪዎች እርስ በርሳቸው ተያዩ። ከመካከላቸው ሀ ሁን ከእሳቸው የቆጠሩ፣ ቆሏቸውን የበሉ፣ ቤታቸው ያደጉ አሉ። ሁሉም የሚያውቋቸው በአንድ ስም ነው፤ ቲቸር። የመጀመሪያ ልጃቸው ራሷ ስሙን ያወቀችው በቀብሩ ዕለት ነው። አሜሪካ ያለችው ታናሿ ደግሞ በስልክ፣ በእኩለ ሌሊት፣ እያስደጋገመች ጽፋዋለች። ቄሱ እንደሚሉት ይህ በየቀኑ የሚያጋጥማቸው ነው፤ አስከሬን አቁሞ አክስትና ምራት ዘንድ ስልክ የሚደውል ቤተሰብ ብዙ ነው።

ስሙን የተናገሩት ባለቤታቸው ናቸው። በዝግታ፣ ጥርት አድርገው። ቄሱም ተቀብለው ጀመሩ።

ከቅዳሴው በኋላ ነዳያኑ በሉ፤ ከእነሱም በኋላ ድንኳኑ ሞላ። የእህል ነጋዴው ያመጣው ስንዴ ተፈጭቶ ለሰማንያው እንዲሆን ወደ ጓዳ ገባ። አዲሱን የሕይወት ታሪክ የእህታቸው ልጅ እንዲያነብ ተጠይቆ ነበር፤ ሽማግሌው ግን ደብተሩን ለሾፌሩ ሰጡት። «ማንበብ ያስተማረችው እሷ ናት» አሉ። ሾፌሩ ቆሞ አነበበ። ጠመኔው ላይ ሲደርስ ድምፁ ተዘጋ፤ አጠገቡ ከነበሩት ጎልማሶች አንዱ ተቀብሎ ቀጠለለት። ንባቡ ግማሽ ሰዓት ያህል ወሰደ፤ ከድንኳኑ የወጣ ሰው አላየሁም።

ደብተሩ አላለቀም። ሽማግሌው ለሰማንያውና ለሙት ዓመቱ ብለው ከኋላ ባዶ ገጾች ትተዋል፤ ዘግይቶ የሚመጣ ተማሪ አይጠፋምና።

ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ያሳደገቻችሁ፣ ያገባችኋት ወይም ያስተማረቻችሁ ሴት በሕይወት ካለች ዛሬ ጎራ በሉ፤ ወይም ደውሉላት። የክርስትና ስሟን ጠይቋትና ጻፉት። ከሥሩም ያደረገችላችሁን አንድ ነገር ጨምሩበት።